እንከን ፈላጊው ዓይን፦ ከፍላንደርስ የሽመና ከተሞች

ኮርትሬይክ

የሌይ ወንዝ በድልድይ ላይ አይቶት ለሚያልፍ ሰው ተራ ቦይ ነው። ውኃው ዳለቻ፣ ዳሩ በድንጋይ የተገነባ፣ ላዩ ላይ ዳክዬ የሚንሳፈፍበት፤ በቃ። የፍላንደርስ ሰዎች ግን «ወርቃማው ወንዝ» ይሉት ነበር። ወርቁ ተልባ ነው። እኛ ፍሬውን ቆልተን፣ ወቅጠን በጾም የምንጠጣው ተልባ እዚህ የሚፈለገው ለአገዳው ነበር። ነዶው በትልልቅ የእንጨት ሣጥን እየታጨቀ ወንዙ ውስጥ ይዘፈዘፍ ነበር፤ ሲበሰብስ ቃጫው ከአገዳው ይላቀቅ፣ ይደርቅ፣ ይፈተል፣ በፍታ ይሆን ነበር። ሽታው ምን እንደሚመስል ቃጫ ሲዘፈዘፍ ያየ ሰው አይጠፋውም።

ከተማዋ ኮርትሬይክ ትባላለች። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1302 ከግንቧ ውጭ ሸማኔዎችና ሌሎች ባለእጆች በእግራቸው ተሰልፈው የፈረንሳይን ንጉሥ ባላባት ፈረሰኞች ድል መቱ፤ ከሟቾቹ ተረከዝ የተፈቱትን የወርቅ መኮርኮሚያዎችም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰቀሏቸው። ቀኑ ዛሬም የፍላንደርስ በዓል ነው። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሰድብ ከኖረ፣ አፄ ምኒልክ ስድቡን በአዋጅ ከከለከሉም በኋላ ልማዱን በቀላሉ ካልተወ አገር ለመጣ ሰው፣ ይህ በዓል ትንሽ ቆም ብሎ የሚያስቡበት ነው።

የመጣሁት ግን ለተልባም ለጦርነትም አይደለም። ጨርቅ የሚመረምር ካሜራ ለማየት ነው። የጠራኝ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ተምሮ፣ አሁን ጌንት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት የሚሠራ ወጣት ነው። አገር ቤት ሳለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ መርማሪ ሆኖ ሠርቷል። «ጋሼ፣ እኔ በዓይኔ ስፈልገው የነበረውን እዚህ በካሜራ ሲፈልጉት ማየት አለብዎት» አለኝ፤ እኔም ሻንጣዬን አነሣሁ።

ያስገቡን ፋብሪካ የሥራ ልብስ ጨርቅ የሚሸምን ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ተስማምተናል፤ ደንበኞቻቸው ስለ እንከን ሲወራ እንዲሰሙ አይፈልጉም። በሩ ላይ የጆሮ መድፈኛ ሰጡን። ያለ መድፈኛ መግባት ክልክል ነው፤ ገብተን ሳንጨርስ ምክንያቱ ገባኝ። የሽመና አዳራሽ ድምፅ ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ከእግር ሥር ተነሥቶ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። እዚያ ውስጥ ሰው የሚግባባው በእጅና በቅንድብ ነው።

መወርወሪያ የሚባል ነገር የለም። ማጉን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያሻግረው የታመቀ አየር ነው፤ ክሩ በድሩ መካከል እንደ ጥይት ያልፋል፣ መምቻው ይጠቀጥቀዋል፣ ሌላው ይከተላል። የቆምንበት መኪና በደቂቃ 800 ማግ ይወረውራል አሉን። ከዚህም የሚፈጥኑ አሉ። ዓይን ክሩን ማየት አይችልም፤ የሚታየው ጨርቁ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲጠቀለል ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ አለ፤ ለነገሩ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ ይታገሠኝ። በአንድ ሴንቲ ሜትር 20 ማግ የሚገባበት ጨርቅ ከሆነ፣ 800 ማግ ማለት 40 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ነው። ያ ሁሉ ሩጫና ጩኸት በሰዓት የሚሰጠው 24 ሜትር ነው። ክሩ ይከንፋል፣ ጨርቁ ግን ያዘግማል።

መኪናው ራሱ ዕውር አይደለም። በእያንዳንዱ የድር ክር ላይ አንዲት ስስ የብረት ቅጠል ተንጠልጥላለች፤ ክሩ ሲበጠስ ትወድቃለች፣ ስትወድቅ መኪናው ይቆማል። ማጉ ማዶ ካልደረሰም የሚያውቅ መሣሪያ አለ። ታዲያ ካሜራው ምን ይሠራል? አስጎብኚያችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ መጮህ ጀመረ፤ ግማሹን ብቻ ሰማሁ፣ ቀሪውን ወጣቱ ውጭ ስንወጣ አስረዳኝ። የተበጠሰ ድር አንዳንዴ ጎረቤቱ ላይ ተጠምጥሞ ይቀርና ብረቷ ሳትወድቅ ትቀራለች። ክር ሲፈተል ወፍሮ ያበጠ ቦታ ይኖረዋል። ሁለት ማግ አንድ ላይ ይገባል። ዘይት ይንጠባጠባል። መኪናው ቆሞ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹ ማጎች ከቀሩት ላላ ወይም ጠበቅ ብለው ስለሚገቡ በጨርቁ ወርድ ሙሉ አንድ ሰንበር ይቀራል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ጥሬው ጨርቅ ላይ አይታይም፤ ቀለም ሲነከር ነው ብቅ የሚለው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጨርቁ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሰው እጅ ውስጥ ነው። ለእነዚህ ብረቷም ሌላውም ጠባቂ መልስ የላቸውም።

በአንደኛው መኪና ላይ፣ ልክ ጨርቁ ከመምቻው ወጥቶ ወደ ጥቅሉ በሚወርድበት ቦታ፣ አንድ ካሜራ በሐዲድ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል። ሥራዬ ብዬ ተከተልኩት፤ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። የዚህ ዓይነቱን መሣሪያ ከሠሩት አንዱ የዚሁ የኮርትሬይክ አካባቢ ኩባንያ ነው፤ መጀመሪያ በባርኮ፣ ኋላም በቢ.ኤም.ኤስ.ቪዥን ስም። «ሳይክሎፕስ» ብለውታል፣ ግንባሩ ላይ አንድ ዓይን ባለው የግሪክ ተረት ግዙፍ ፍጡር ስም። አንድ ዓይን መብቃቱ የሚገርም ነበር፣ የጨርቁን ፍጥነት ባናሰላ ኖሮ። በሰዓት 24 ሜትር ለሚያዘግም ጨርቅ ከዳር ዳር የሚመላለስ አንድ ካሜራ ይበቃል። በድሩ ርዝመት የሚሄድ እንከን ካየ መኪናውን ያስቆማል፤ መብራት ይበራል፤ ሠራተኛ ይመጣል።

ሳየው የገረመኝ ማየቱ አልነበረም፤ ሰዓቱ ነው። አንድ የድር ክር ጠፍቶ መኪናው ካላወቀ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለዚያ ክር ይሸምናል። ጥቅሉ ተፈትቶ ወደ ምርመራ ክፍል ይሄዳል፤ ተራ ይጠብቃል፤ መርማሪው ሲያየው ሁለት ቀን አልፏል። መርማሪው ቢያየውም የሚያድነው ነገር የለም፤ ሪፖርት ጽፎ ጨርቁን ሁለተኛ ደረጃ ያደርገዋል። ስለዚህ ኢንዱስትሪ የሚጻፉ ጥናቶች ደጋግመው የሚጠቅሱት ግምት አለ፤ እንከን የተገኘበት ጨርቅ ዋጋው ከ45 እስከ 65 በመቶ ይወርዳል ይላል። እንከኑ ሲወለድ የደረሰ ካሜራ ካለ ግን የሚበላሸው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው።

ምርመራ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። ጆሮዬን ፈታሁ። ከመስኮቱ አጠገብ ጋደል ያለ፣ ከሥሩ መብራት የበራበት ጠረጴዛ አለ፤ ጨርቁ በላዩ ላይ ከላይ ወደ ታች ይፈሳል። ጠረጴዛው ፊት በዕድሜ የገፉ ወይዘሮ ተቀምጠዋል። በእጃቸው ትንሽ ወረንጦ አለ፤ እግራቸው ማቆሚያው ላይ ነው። ስንገባ ቀና አላሉም። ጨርቁ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። እኔ ምንም አላየሁም። በወረንጦው አንድ ነገር ነክሰው ሳቡ፤ ከጥፍር የማትበልጥ ያበጠች ክር ወጣች። የቀረውን ቀዳዳ በጥፍራቸው ግራና ቀኝ ፈገፈጉት፤ ክሮቹ ተጠጋጉ፣ ቦታው ጠፋ። ከዚያ እግራቸውን ተጫኑ፤ ጨርቁ ቀጠለ።

ወጣቱ በፍላሚሽ ቋንቋቸው አናገራቸው፤ እሱም እያቋረጠ ይተረጉምልኛል። ለእሱ ጨዋታው የሙያ ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም ያንኑ የአራት ነጥብ ሕግ በልባቸው ያውቁታል። ሕጉ በብዙ የዓለም የጨርቅ ገበያዎች የሚሠራ ነው፤ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሰፋ ሸሚዝ የሚመጣ ጨርቅም የሚለካው በዚሁ ነው። እስከ 3 ኢንች የሚረዝም እንከን 1 ነጥብ፣ እስከ 6 ኢንች 2፣ እስከ 9 ኢንች 3፣ ከዚያ በላይ 4 ነጥብ ያስቀጣል። በአንድ ያርድ ርዝመት ውስጥ የቱንም ያህል እንከን ቢሞላ ከ4 ነጥብ በላይ አይቆጠርም። ብዙ ገዢዎች በ100 ካሬ ያርድ እስከ 40 ነጥብ ድረስ ይቀበላሉ፤ ከዚያ ካለፈ ጥቅሉ ይመለሳል ወይም ዋጋው ይቀንሳል። የተጣላ ሻጭና ገዢ የሚዳኝበት ነው እንጂ ስለ ጨርቅ ውበት የሚናገረው ነገር የለም።

ሴትዮዋ ምን ያህሉን እንደሚያዩ ጠየቅኋቸው። ሳቁና «ያየሁትን ሁሉ» አሉ።

መልሱ ቀልድ ይምሰል እንጂ ጥልቅ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የተጻፉት ጥናቶች የሠለጠነ መርማሪ ከእንከኖቹ 60 ወይም 70 በመቶውን እንደሚያገኝ ይገምታሉ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል የራዳር ጠባቂዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰርጓጅ መርከብ እያለፈ ሳያዩ መቅረት ጀመሩ። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካምብሪጅ ላይ ሰዎችን አንዲት የሰዓት ቆጣሪ የምትመስል መርፌ ፊት አስቀምጦ ድርብ ስትዘል እንዲናገሩ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ውጤት፣ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ የሰው ትኩረት በግልጽ እንደሚወርድ አሳየ። ጨርቅ ምርመራም ያው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም፣ ከዚያ በድንገት አንድ ነገር አለ፣ ደግሞ ምንም የለም። ዓይን ክፍት ሆኖ ሰው ይሄዳል። የእኔ ወጣት እንደነገረኝ አገር ቤት ሳለ ከምሳ በኋላ ያለፈውን ጨርቅ ሁሉ ይጠረጥረው ነበር፤ ራሱ የመረመረውን ጨምሮ።

ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ትልቁ መሣሪያ አለ። ይህ እንደ ሳይክሎፕሱ አንድ ዓይና አይደለም። ጨርቁ ከአንድ ጥቅል ተፈትቶ ወደ ሌላ ጥቅል ሲሄድ በጨለማ ሣጥን ውስጥ ያልፋል፤ በሣጥኑ ውስጥ ካሜራዎች በተርታ ተደርድረዋል። ካሜራዎቹ እኛ እንደምናውቀው ፎቶ አያነሡም። እያንዳንዱ የሚያየው አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ 4,096 ነጥቦች በአንድ ረድፍ። ጨርቁ ከሥሩ ሲንቀሳቀስ መስመር በመስመር እየተደረደረ ሥዕል ይሆናል። ጨርቁ በፈጠነና በዘገየ ቁጥር ሥዕሉ እንዳይለጠጥ ወይም እንዳይጨማደድ፣ ከተሽከርካሪው በርሜል ጋር የታሰረች ትንሽ ቆጣሪ ለካሜራው «አሁን» እያለች ትነግረዋለች።

እንደገና ሒሳብ። የጨርቁ ወርድ 1 ሜትር ከ60 ነው። አራት ካሜራ በ4,096 ነጥብ ሲበዛ ከ16 ሺህ በላይ ነጥብ በወርዱ ላይ ይተኛል፤ አንዱ ነጥብ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መስመሮቹም በርዝመቱ በዚያው አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ስለሚነሡ፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ለተቀመጠው ለእያንዳንዱ ማግ አምስት መስመር ይደርሰዋል። ጨርቁ በደቂቃ 60 ሜትር ከሄደ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሜትር፣ በየሰከንዱ 10 ሺህ መስመር ይነሣል። በየሰከንዱ ከ160 ሚሊዮን ነጥብ በላይ መታየትና መፈረድ አለበት። ወይዘሮዋ በሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ የሚሄደው በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ሜትር ነው።

ነጥብ መብዛቱ ግን ግማሹ ነገር ነው፤ ሌላው ግማሽ መብራት ነው። ከሥር የሚመጣ መብራት የጠፋ ክርን ያጋልጣል፤ ክሩ በጎደለበት ብርሃን ሾልኮ ይወጣል፣ ክር በደረበበት ደግሞ ይጨልማል። ቋጠሮንና መጨማደድን ግን ከሥር ያለው መብራት በደንብ አያሳይም። ለእነሱ ከጎን ዝቅ ብሎ፣ ጨርቁን ሊልስ ደርሶ የሚመጣ መብራት ያስፈልጋል። ጠዋት ፀሐይ ገና ስትወጣ ደጅ ላይ የተሰጣ ነጠላ ላይ እያንዳንዱ ጉብታ ጥላ የሚጥልበት ሰዓት አለ፤ መሐንዲሶቹ ያንን ሰዓት ሣጥን ውስጥ አስገብተውታል።

ስክሪኑ ላይ ጥቅሉ ረጅም ነጭ ካርታ ሆኖ ይታያል፤ እንከን የተገኘባቸው ቦታዎች ላይ ቀይ ነጥብ አለ፤ ነጥቡን ሲነኩት ፎቶው ይከፈታል። አንዱን ነካሁ፤ ቀዳዳ የሚመስል ጥቁር ነገር። ወይዘሮዋ ከኋላዬ መጥተው በትከሻዬ ላይ አዩና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። ብናኝ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚንሳፈፈው የጥጥ ብናኝ ጨርቁ ላይ አርፎ፣ ከሥር የመጣውን መብራት ጋርዶታል። በእጅ ሲጠረግ የሚሄድ ነገር ነው፤ ካሜራው ግን እጅ የለውም። ቀጥለው ሌላ ነኩ፤ ሌላ ብናኝ። ሦስተኛው እውነተኛ ነበር፤ በጨርቁ ርዝመት የሚሄድ እጅግ ስስ ሰንበር። እሳቸው ራሳቸው ይህንን እንደማያዩት በግልጽ ተናገሩ። ሰንበሩ በጣም ረጅም ስለሆነ ዓይን ይለምደዋል፤ የጨርቁ መልክ ይመስለዋል። ካሜራው ግን አይለምድም።

አሁን የእሳቸው ቀን ግማሹ በወረንጦ፣ ግማሹ በስክሪኑ ፊት ነው። ቀይ ነጥቦቹን እየከፈቱ «እንከን ነው»፣ «አይደለም»፣ «ነው ግን ያልፋል» እያሉ ይለያሉ። ሦስተኛዋ ምድብ ናት የሳበችኝ። «ነው ግን ያልፋል» የሚለው ፍርድ ከየት ይመጣል? ደንበኛው የእርሻ ሱሪ የሚሰፋ ከሆነ ያልፋል፤ የሐኪም ጋውን የሚሰፋ ከሆነ አያልፍም። ስፌቱ ውስጥ የሚገባ ጠርዝ ላይ ከሆነ ያልፋል፤ ደረት ላይ ከሆነ አያልፍም። ይህን ካሜራው ከጨርቁ ላይ ሊያነበው አይችልም፤ ጨርቁ ላይ አልተጻፈማ።

ኢፐር

እንዲህ ያለው ፍርድ ዱሮ እንዴት ይሰጥ እንደነበር ለማየት ወደ ኢፐር ሄድኩ፤ ከኮርትሬይክ ለባቡር ሩቅ አይደለም። ከተማው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ድምጥማጡ ጠፍቶ እንደነበረው ተደርጎ የተሠራ ነው፤ መሐሉ ላይ የቆመው የጨርቅ አዳራሽም እንዲሁ። የመጀመሪያው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1304 አካባቢ ተጠናቀቀ፣ በ1914 እና በተከታዮቹ ዓመታት በመድፍ ወደመ፣ መልሶ ግንባታው ያለቀው በ1967 ነው። ዛሬ ስለ ጦርነቱ የሚተርክ ሙዚየም ነው። ጎብኚው ሁሉ የሚመጣው ለጦርነቱ ነው፤ ስለ ጨርቅ የሚጠይቅ ብዙም አላጋጠመኝም።

በመካከለኛው ዘመን ግን እዚህ የእንግሊዝ የበግ ጠጉር እየመጣ የተሸመነው ጨርቅ እስከ ሩሲያዋ ኖቭጎሮድ ድረስ ይሸጥ ነበር። ያ ሩቅ ገዢ ሸማኔውን አያውቀውም፤ ጨርቁን ከፍቶ ክር በክር ሊቆጥርም አይችልም። የሚያምነው ማኅተሙን ነው። የከተማው መርማሪዎች ጨርቁን ዘርግተው ወርዱን፣ ርዝመቱን፣ ክሩን፣ ቀለሙን ያዩና ካለፈ ጠርዙ ላይ የእርሳስ ማኅተም ይመቱበታል። የዚህ ዓይነት ማኅተሞች ዛሬም ከመሬት ሥር ይወጣሉ፤ ጨርቁ በስብሶ አልቋል፣ «አልፏል» የሚለው ቃል ብቻ ቀርቷል። ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሚያልፍ የሚወስነው የከተማው ደንብ ነበር፤ ደንቡ ደግሞ ሸማኔውና ነጋዴው በየዘመኑ እየተጨቃጨቁበት የሚለወጥ ነገር ነው።

ከአዳራሹ ማማ ላይ በአንድ ወቅት ሕያው ድመት ይወረውሩ ነበር፤ አሁን በሦስት ዓመት አንዴ በሚከበረው በዓል የሚወረወረው የጨርቅ አሻንጉሊት ነው። ስለ ምክንያቱ ብዙ ይባላል፤ አንዱ ወሬ ድመቶቹ መጋዘን ውስጥ የተከማቸውን ጠጉር ከአይጥ እንዲጠብቁ ይገቡ እንደነበር ነው። ምንም ቢሆን ኢፐር ሽመናን አልተወችም፤ ፒካኖል የተባለው የሽመና መኪና ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመው እዚሁ ነው።

ጌንት

ወጣቱ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ከመሐል ከተማ ወጣ ብሎ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ተቋማቱን በሰበሰበበት አካባቢ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ፣ አጉሊ መነጽር፣ የተከደነ የሻይ ብርጭቆና ሁለት ስክሪን አለ። ቡና አፈላልኝና አስተማረኝ።

እንከን ፍለጋ በሁለት ዘመን ይከፈላል ይላል። በመጀመሪያው ዘመን የሠሩት የሒሳብ ሰዎች ናቸው። የተሸመነ ጨርቅ ማለት ድግግሞሽ ነው፤ ክር፣ ክፍተት፣ ክር፣ ክፍተት። ፈረንሳዊው ፉሪዬ ከ200 ዓመት በፊት ያወጣው ስሌት እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ ወደ ጥቂት ጉልህ ነጥቦች ይጨምቀዋል፤ ከድግግሞሹ የወጣ ነገር ካለ ከነጥቦቹ ውጭ ይበተናል። ችግሩ ፉሪዬ «እንከን አለ» ይላል እንጂ «እዚህ ጋ» አይልም። በሀንጋሪ የተወለደው ዴኒስ ጋቦር እ.ኤ.አ. በ1946 ያቀረበው ሐሳብ ይህን ፈታ፤ ድግግሞሹንም ቦታውንም አንድ ላይ የሚይዝ ትንሽ ማጣሪያ። ጋቦር በ1971 ኖቤል የተሸለመው በሌላ ሥራው፣ በሆሎግራፊ ነው። ማጣሪያውን ጨርቅ ላይ አውለው ሰፊ ትኩረት ያገኙት ደግሞ ሆንግ ኮንግ ላይ የሠሩት አጃይ ኩማርና ግራንተም ፓንግ ናቸው፤ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። በገበያው በኩል የእስራኤሉ ኤልቢት ቪዥን ሲስተምስ መሣሪያዎች ከዚያ በፊት በፋብሪካዎች ገብተው ነበር፤ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2018 የስዊሱ ኡስተር ጠቀለለው።

ሁለተኛው ዘመን የአሁኑ ነው፤ ሒሳቡን ሰው አይጽፈውም፣ ማሽኑ ከምሳሌ ይማራል። እዚህ ላይ አንድ ያልጠበቅሁት ችግር አለ፤ እንከን ብርቅ ነው። ጥሩ ፋብሪካ በሺህ ሜትር ጨርቅ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂቱ ሁሉ አይመሳሰልም። በሽመና መዝገብ ስም ያለው እንከን ብቻ ከ70 ይበልጣል። ስለዚህ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ነገሩን ገልብጠውታል፤ ለማሽኑ እንከን አያሳዩትም። ጤነኛ ጨርቅ ብቻ ያሳዩታል፣ ደጋግሞ እንዲሥለው ያደርጉታል፤ ያንን በደንብ ከለመደ በኋላ ሊሥለው ያልቻለው ነገር ሲመጣ «ይህን አላውቀውም» ይላል። የጀርመኑ ኤም.ቪ.ቴክ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተመራማሪዎች የለቀቀው የታወቀ የሥዕል ስብስብ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ምንጣፍ፣ ቆዳ፣ የወንፊት ሽቦ ሳይቀር አለበት፤ ማሠልጠኛው ክፍል ውስጥ ግን አንድም የተበላሸ የለም።

እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ሥጋት ገባኝ። ጤነኛውን ብቻ እያየ ያደገ ፍጡር የማያውቀውን ሁሉ እንከን ይለዋል። ለወጣቱ ነገርኩት። ሳይመልስልኝ ተነሥቶ ከወንበሩ ጀርባ የተሰቀለ ነጠላውን አወረደ። እናቱ ከባሕር ዳር የላኩለት ነው፤ ብርድ ሲሆን ይደርበዋል። መቃኛው ላይ ዘረጋውና ለሥራ ልብስ ጨርቅ የሠለጠነውን ፕሮግራም ለቀቀበት።

ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀላ። አንድ ነጭ ቦታ እንኳ አልተረፈም። በእጅ የተፈተለው ማግ እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይቀጥናል፤ ሸማኔው አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አድርጎ መትቶታል፤ ጥለቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ ማሽኑ ጨርሶ ተስፋ ቆረጠ። በአራት ነጥብ ሕግ ቢሰላ የእናትየው ነጠላ በየያርዱ ሙሉ 4 ነጥብ ይዞ ወደ ላኪው የሚመለስ ጨርቅ ነበር።

ሁለታችንም ሳቅን። ግን ወይዘሮዋ «ነው ግን ያልፋል» የሚሉባት ምድብ ትዝ አለችኝና ጠየቅሁት፤ ለመሆኑ ነጠላ እንከን የለውም? እንዴት የለውም! የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ከሌላ ሸማኔ እጅ የወጣ ነጠላ አንሥቶ በብርሃን ሲያይና ከንፈሩን ሲመጥጥ ስንቴ አይተናል። እንከን የሚለው ነገር አለው። የክሩን መወፈርና መቅጠን አይለውም፤ ምናልባት የጥለቱን ቀለም መሳሳት፣ ምናልባት ጠርዙ መጥበቡን፣ ምናልባት እኛ ሁለታችን የማናውቀውን ነገር። ኢፐሮች ደንባቸውን ጽፈው አስቀመጡ፣ የአራት ነጥቡም ሕግ ተጽፏል። የሸማኔዎቻችን ሕግ በእጃቸውና በዓይናቸው ውስጥ ነው፤ ለማሽን ቀርቶ ለእኔና ለእሱ የነገረን የለም።

የወጣቱ ሐሳብ ይኸው ነው፤ ዋናው የዶክትሬት ሥራው ባይሆንም ጎን ለጎን ሊሞክረው ይፈልጋል። ማሽኑ በማሽን ጨርቅ ፈንታ ከነጠላ ላይ ቢጀምር፣ በእጅ ሥራ ውስጥ ያለውን መለዋወጥ እንደ ጤና ቢማረው፣ ከዚያ ውጭ የወጣውን መለየት ይችል ይሆን? ሽያጩ ባሕር ማዶ የሆነ የእጅ ሽመና ማኅበር ይህ ቢኖረው ገዢው «ሁሉም ያልተስተካከለ ነው» ሲል የሚያሳየው ነገር ያገኛል። እኔ እንዲያውም ካሜራው ኋላ ይምጣ ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሸማኔዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማት አለመስማማታቸውን ማወቅ ነው። ካልተስማሙ ማሽኑ የማንን ዓይን ይማራል?

«እሱን ነው እንግዲህ ከእርስዎ የምፈልገው፣ ጋሼ» አለኝ። አዲስ አበባ ስገባ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ከተለያየ እጅ የወጡ ነጠላዎችን እንድገዛ፣ ሦስት የተለያዩ ሸማኔዎች አንዱ የአንዱን ሳያይ እንከን ነው ያሉትን ቦታ ሁሉ በክር እንዲያመለክቱ እንዳደርግ፣ በየተራው ፎቶ እንዳነሣና ክሩን ፈትቼ ለሚቀጥለው እንድሰጥ። ለአንደኛው ቀይ፣ ለሁለተኛው ሰማያዊ፣ ለሦስተኛው አረንጓዴ ክር ይሁን አለ። ክፉውም ጥሩውም ነጠላ እንዳይቀር፣ ለቱሪስት የተሸመነውንም ጨምሬ እንድወስድ አጥብቆ አሳሰበኝ።

እሺ አልኩት። የሸማኔዎቹ የቀን አበል ከእሱ፣ ትራንስፖርቱ ከእኔ እንዲሆን ተግባባን። የነጠላዎቹን ዋጋ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ግን ባቡሬ እስኪመጣ ተከራክረን አልጨረስንም።